ከሐራ ገበያ ወዴት ይኬዳል?
ስለ ሰዎች ጉዞ የሚቀርቡ ጥያቄዎችና የሚገኙ መልሶች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ጉዞ ጥናት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አብዛኞቻችሁ የምትጠብቁት ስለ አዲስ አበባ እንደሚሆን ገምቻለሁ። የአዲስ አበባ ነገር ብዙ ተጽፎበታል፤ የተደረጉት ጥናቶችም ከግማሽ የሚበልጠው የከተማይቱ ጉዞ በእግር የሚደረግ መሆኑን ካሳዩን ቈይተዋል። እኔ ግን ዛሬ ልወስዳችሁ የምሻው ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ሀብሩ ወረዳ፣ ወደ ሐራ ነው። ይህን ያደረግሁት በጥናታችን ውስጥ ያለው ጕድለት ከሌላው ቦታ ይልቅ በዚያ ጐልቶ ስለሚታይ ነው።

ሐራ ከወልድያ ተነሥቶ በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ ገበያ ናት። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ ፍየሉን፣ ቅቤውንና ግመሉን ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱም እዚያ ይገናኛሉ። ሐራ ገበያ የሚለው ስሟም ሥራዋን ይናገራል። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ግን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ነው ያለው። ስለዚህ የሐራ ሰው ለገበያው ወደ ምሥራቅ፣ ለመንግሥት ጉዳዩ ወደ መርሳ፣ ለሆስፒታልና ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ወልድያ ይመለከታል።

ይህች ቦታ በአገራችን የትራንስፖርት ካርታ ላይ በትልቅ ነጥብ የተመለከተችው በባቡር ምክንያት ነው። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ያፒ መርኬዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል የተፈረመለትና በየካቲት 2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የባቡር መሥመር ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል መድረሻውን ያደረገው ሐራ ገበያን ነው። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመቀሌ የሚመጣውና ለአንድ የቻይና ኩባንያ የተሰጠው መሥመርም የሚገናኘው እዚያው ነው። በአዋሽ በኩል ደግሞ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር ጋር ይጋጠማል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በወሎ ምድር የተካሄደው ጦርነት በሥራው ላይ ያደረሰውን ጕዳት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። እኔን የሚመለከተኝ ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ማንን ያሳፍራል? ለምን ጉዳይ? በየስንት ቀኑ? ከባቡሩ ወርዶስ ወዴት ይሄዳል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኝባቸው ሁለት ዓይነት መዝገቦች አሉን ማለት ይቻላል። አንደኛው ከመንገድ ላይ የሚሰበሰብ፣ ሁለተኛው ከቤት የሚሰበሰብ ነው።

ከመንገድ ላይ በሚሰበሰበው ልጀምር። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ለረጅም ዓመታት የተሽከርካሪ ቈጠራ ሲያካሂድ ኖሯል፤ ይህም ሥራው የሚመሰገን ነው። ቈጣሪዎቹ በመንገዱ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን አውቶሞቢል፣ ላንድሮቨር፣ ትንሽና ትልቅ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ ተሳቢ ያለውና የሌለው እያሉ ይመዘግባሉ። አስፋልቱ ምን ያህል ውፍረት እንዲኖረው ለመወሰን ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም። ይሁን እንጂ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ለእግረኛ የተመደበ ዓምድ የለም። ለአህያና ለግመልም የለም። በሐራ መንገድ የገበያ ዕለት ጧት የሚያልፈውን ሕዝብ ላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ቈጣሪው ሦስት አይሱዙና ጥቂት ባጃጅ ጽፎ ሲነሣ፣ በፊቱ ያለፈው ሌላው ሕዝብ ሁሉ ለሠንጠረዡ አልነበረም።

በመንገድ ላይ መጠየቅ ሌላም ጠባይ አለው። ሦስት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው በየሳምንቱ ወደ ወልድያ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ሁለተኛው በየወሩ አንድ ጊዜ የሚሄድ ገበሬ ነው። ሦስተኛዋ ለሕክምና በዓመት አንድ ጊዜ የምትሄድ እናት ናት። በዓመት ውስጥ ነጋዴው 52፣ ገበሬው 12፣ እናቲቱ 1 ጉዞ ያደርጋሉ፤ ድምሩ 65 ይሆናል። በመናኸሪያው በር ላይ ቆመን መንገደኛውን ሁሉ ብንጠይቅ ከምናገኛቸው መልሶች ከመቶ 80ው የነጋዴው ነው። የእናቲቱ ድርሻ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። በየቤታቸው ሄደን ብንጠይቅ ግን ሦስቱም እኩል ሲሶ ሲሶ ይሆናሉ። ከሁለቱ የትኛው ነው ትክክለኛው ብትሉኝ መልሴ ሁለቱም ነው። የምንፈልገው የወንበር ብዛት ከሆነ መናኸሪያው ይነግረናል። መጓዝ ሲገባው ያልተጓዘው ማን እንደ ሆነ የምንፈልግ ከሆነ ግን መናኸሪያው ለዘለዓለም አይነግረንም፤ እርሱ ወይም እርሷ እዚያ የሉምና። ከመንገድ የተሰበሰበን መልስ እያንዳንዱ ሰው በሚጓዝበት የጊዜ ብዛት አካፍሎ ማስተካከል ይቻላል። ለዚህ ግን መጠይቁ «በዓመት ስንት ጊዜ ይሄዳሉ?» የሚል አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መያዝ አለበት። ጥያቄው ከተዘነጋ በኋላ የትኛውም የስሌት ጥበብ አይመልሰውም።

ወሎ ይህን ትምህርት በመራራ ዋጋ ተምራዋለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ አገሩና ዓለሙ ያየው በአውራ ጎዳናው ዳር ወጥቶ የቆመውን ሰው ነበር። ከጎዳናው ርቆ በየቀበሌው የቀረው፣ ለመሄድ አቅም ያጣው፣ ከመንገድ ዳር በተቀመጠ መዝገብ ውስጥ ሊገባ አይችልም ነበር። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳመለከተው ደግሞ በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ የሚወጣ እህል ነበር። መንገዱ ነበረ፤ መኪናውም ያልፍ ነበር። የጠፋው የገዢው አቅም ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚያልፈውን በመቊጠር ብቻ መንገዱ ለማን እንዳገለገለ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ቤት ለቤቱ ጥናት ልለፍ።

የሌላው ዓለም ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ቈጠራ ሰው የሚሠራበትን ቦታ መጠየቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በአሜሪካ ከ1944 ጀምሮ በየከተማው ቤት እየዞሩ «ትናንት ከየት ተነሥተው ወዴት ሄዱ?» ብሎ መጠየቅ ተለመደ። በዲትሮይት በ1953፣ በቺካጎ በ1955 የተጀመሩት ትልልቅ ጥናቶች ዛሬ በየአገሩ ለሚሠራበት የጉዞ ትንበያ ስሌት መሠረት ሆኑ። ያ ስሌት የተወለደው ሰው ጧት በመኪና ከቤት ወጥቶ ማታ በሚመለስበት አገር ነው። ወደ እኛ የመጣውም ከነልብሱ ነው።

በእኛ በኩል ሦስት የሕዝብ ቈጠራዎች በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂደዋል። አራተኛው በተደጋጋሚ ቀጠሮ ተይዞለት በተደጋጋሚ ተላልፏል። ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፣ ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከቈጠራዎቹ በተጨማሪ ለጉዞ ጥናት የሚረዱ ብዙ መረጃዎችን ሰብስቧል። የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናቱ ለትራንስፖርት የተከፈለውን ገንዘብ ይይዛል። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የኑሮ ደረጃ ክትትል ጥናት ከቤት እስከ ቅርብ ትምህርት ቤት፣ ጤና ድርጅት፣ ገበያና መንገድ ያለውን ርቀት ይጠይቃል። በ2005 ዓ.ም. የተደረገው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ደግሞ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ሙያ የቀረበ ሆኖ ሳለ በትራንስፖርት ሰዎች ዘንድ እምብዛም አልተገለጠም። ሰው ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ ሰዓት በሰዓት የሚጠይቅ ጥናት ነውና ውኃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም የዋለውን ጊዜ ሳይወድ በግድ ያወጣዋል።

«ሳይወድ በግድ» ያልሁበት ምክንያት አለኝ። እንደ ዲትሮይቱ አድርገን አንዲት የሀብሩ እናት ዘንድ ብንሄድ ጭውውቱ የሚሆነው ይህን የመሰለ ነው።

«እናቴ፣ ትናንት የት የት ሄደው ነበር?»
«ኧረ የትም አልሄድሁ፤ እቤቴ ነው የዋልሁት።»
«ውኃውን ማን ቀዳ ታዲያ?»
«እኔው ነኛ! ሌላ ማን አለኝ?»
«ከየት?»
«ከወንዝ።»
«ከዚያስ በኋላ?»
«ወፍጮ ቤት ደርሼ መጣሁ። ማታ ደግሞ ለቅሶ ነበር፤ እዚያ ማዶ።»

እናቲቱ አልዋሸችም። በእርሷ አነጋገር «መሄድ» ማለት አገር ቀይሮ፣ ስንቅ ይዞ፣ ነጠላ ደርቦ መውጣት ነው። ውኃና ወፍጮ የቤት ሥራ ነው። ጠያቂው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ጽፎ ቢነሣ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ዜሮ ጉዞ ነው። ያቺ ሴት ግን ምናልባት ከነጋዴው ይልቅ ብዙ ኪሎ ሜትር በጀርባዋ ሸክም ይዛ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የማኬቴ ወረዳ በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደው ጥናት ዝናን ያተረፈው ስለዚህ ነገር ነው። ጥያቄውን ከመንገድ ወደ ቤተሰብ ሥራ ቢያዞሩት፣ የገጠር ሰው የመጓጓዣ ጊዜ በአመዛኙ የሚያልቀው በአውራ ጎዳና ላይ ሳይሆን በመንደር ውስጥና ዙሪያ፣ ለውኃ፣ ለማገዶና ለወፍጮ መሆኑን፣ ከሸክሙም ትልቁን ክፍል የሚሸከሙት ሴቶች መሆናቸውን አገኙ።

ይህ ለሐራ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። የባቡር ሀዲድ ሲዘረጋ ድልድሉ የእግር መንገዶችን ይቈርጣል። መሐንዲሱ መሸጋገሪያ የሚሠራው በሠንጠረዡ ላይ ሰው ለሚታይበት ቦታ ነው። ወደ ወንዙና ወደ ግጦሹ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ዜሮ ጉዞ ተብሎ ከተጻፈ መሸጋገሪያ አይኖረውም፤ ያቺ እናትም ሀዲዱን ዞራ እስክትሻገር ቀኗ ይረዝማል። መሐንዲሱ ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም። መጠይቁን ያዘጋጀነው እኛ ነን።

ርቀትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የኑሮ ደረጃ ጥናቱ የሚጠይቀው ስለ ቅርቡ ገበያ፣ ስለ ቅርቡ ትምህርት ቤት ነው። ሰው ግን ሁልጊዜ ወደ ቅርቡ አይሄድም። አስተማሪ የሌለበትን ትቶ ያለበትን፣ መድኃኒት ያለቀበትን አልፎ ያላለቀበትን ይፈልጋል። ለገበያም ቢሆን ፍየል የሚሸጥ ሰው ፍየል ገዢ ወደሚመጣበት ነው የሚነዳው፤ የባቲ የሰኞ ገበያ ከሩቅ አገር ሰው የሚስበው ቅርብ ስለ ሆነ አይደለም። ስለሆነም «ቅርቡ የት ነው?» ከሚለው ቀጥሎ «እናንተስ የምትሄዱት የት ነው?» የሚል ጥያቄ ቢጨመር ወጪው አንድ መሥመር ቀለም ነው።

በኪሎ ሜትር መጠየቅም ቢሆን ብዙ አያስኬድም። የአገሬው ሰው ርቀትን የሚለካው በጊዜ ነው፤ «ማልዶ የተነሣ ለምሳ ይደርሳል» ይላችኋል። ይህ መልስ ዘልማድ ቢመስልም ከኪሎ ሜትሩ የበለጠ ዕውቀት አለበት፤ ዳገቱን፣ ሸክሙንና የመንገዱን ሁኔታ አጠቃሎ ይዟልና። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሲሞሉ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። በጥር የተጠየቀው ሰው የሚመልሰው ስለ ጥር ነው። የሀብሩን ቈላ በአንድ ወቅት ብቻ አጥንቶ «የዓመቱ አማካይ» ብሎ መጻፍ በእኔ እምነት ከመገመት አይሻልም።

«ትናንት» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ የሚሰውረው ነገር አለ። በከተማ ያደገ አጥኚ የመመላለስ ጉዞ ሲባል ጧት ሄዶ ማታ መመለስን ያስባል። እንዲህ የሚመላለሱ በእርግጥ አሉ፤ ወልድያ ወይም መርሳ እያደሩ ወደ ገጠር ሥራቸው የሚሄዱ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ከእነርሱ ናቸው። ነገር ግን በገጠራችን የተለመደው የመመላለስ ዓይነት የሳምንት ነው። ተማሪው በከተማ ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል፤ ዓርብ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ማክሰኞ መጥቶ «ትናንት የት ሄድህ?» ለሚለው ጠያቂ ይህ ተማሪ ትምህርት ቤት ሄዶ የተመለሰ የከተማ ነዋሪ ነው። የወላጆቹም ቤት ቢጠየቅ «እዚህ አይኖርም» ይባላል። ከሁለቱም መዝገብ ላይ ያ ረጅም የስንቅ መንገድ የለም። የዓመት ጉዞም አለ፤ ሥራ ፍለጋ የሚሄደውና ለክረምት እርሻ የሚመለሰው ሰው በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ይግባ አይግባ የሚወሰነው «ባለፉት ስድስት ወራት እዚህ ነበረ ወይ?» በመሰለ የአሠራር ደንብ ነው። እንዲህ ያለውን ደንብ ብዙዎቻችን የምናነበው ችግር ሲገጥመን ነው።

የመንገደኛው ጉዳይም አንድ ብቻ አይደለም። መጠይቃችን «የጉዞው ዋና ዓላማ» ብሎ አንድ ሣጥን ብቻ ይሰጣል። የሐራ ገበያተኛ ግን ፍየሉን ሸጦ፣ ጨው ገዝቶ፣ የታመመ ዘመድ ጠይቆ፣ ስለ ልጁ ጋብቻ ከሽማግሌ ጋር ተነጋግሮ ነው የሚመለሰው። ጠያቂው «ገበያ» ይልና ያልፋል። ታዲያ ከገበያው ጋር ጤና ጣቢያውና ፍርድ ቤቱ የሚሠሩበት ቀን ቢገጣጠም ሰው ስንት መንገድ ይተርፈው እንደነበር ከዚያ ሣጥን ማንም አያነብም።

አሁን ስለ ናሙናው ጥቂት ልናገር፤ በዚህ ጉባኤ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ይልቅ የምታውቁት ስለ ሆነ አላረዝመውም። በ2004 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር የተጀመረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት በመጀመሪያው ዙር የሸፈነው 333 የቈጠራ ቦታዎችንና 4,000 ያህል ቤተሰቦችን ነው። በአገሪቱ ካሉት ከ700 የሚበልጡ ወረዳዎች አንጻር ሲታይ ለሁለት ወረዳ አንድ የቈጠራ ቦታ እንኳ በአግባቡ አይደርስም። ጥናቱ ለአገርና ለትልልቅ ክልሎች ታስቦ ተሠራ፤ ለዚያም በቂ ነው። ከዚያ ውስጥ የሀብሩን አኃዝ አወጣሁ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ስንት ቤት እንደ ተጠየቀ ጠይቁት። የቤቶቹ የካርታ ነጥብም ቢሆን የተጠያቂው ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል ሆን ተብሎ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ እንዲዛነፍ ተደርጎ ነው ለሕዝብ የሚወጣው። ይህ የተገባ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም ከቤት እስከ ምንጭ ያለውን የእግር መንገድ በዚያ ነጥብ መለካት አይቻልም፤ ሲደረግ ግን አይቻለሁ።

የዚያ ዙር ናሙና መሠረት ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሐራና በዙሪያዋ የሆነውን አስቡ። የባቡር ግንባታ ሠራተኛ መጣ፤ ሄደ። ጦርነት ሰውን አፈለሰ። በሀብሩ ወረዳ የጃራ የተፈናቃዮች መጠለያ ተቋቋመ። የቤት ለቤት ጥናት በመደበኛ ቤት የሚኖረውን ይመርጣል። በመጠለያ ያለ ሰው፣ ከብቱን ተከትሎ ከቈላ ወደ ቈላ የሚዘዋወር የአፋር ቤተሰብ፣ ሁለቱም በናሙናው ወንፊት ያመልጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ የተጓዙት እነርሱ ሆነው ሳለ ስለ ጉዞ በሚደረገው ጥናት ውስጥ የሉም።

አንዳንድ ወጣት ባልደረቦቻችን ይህ ሁሉ ድካም በእጅ ስልክ መረጃ ይተካል ይላሉ። ስልኩ የሄደበትን አካባቢ የስልክ ማማዎቹ ያውቁታልና አስተሳሰቡ ከንቱ አይደለም። በአዲስ አበባ ቢሞከር እደግፋለሁ። በገጠር ግን በአንድ ቤት አንድ ስልክ ካለ ብዙ ጊዜ የሚይዘው አባወራው ነው፤ ያቺ ውኃ ቀጂ እናት አሁንም ቤቷ ዋለች ማለት ነው። የስልክ መሥመር በተቋረጠባቸው ወራትም መረጃው ሕዝቡ በሙሉ ከመሬት እንደ ጠፋ ያሳያል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው የበኩሌን ሐሳብ ላቅርብ። አዲስ ታላቅ ጥናት አልጠይቅም፤ ገንዘቡም የለም። በባቡሩ መገናኛ ዙሪያ፣ በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ፣ አንድ መጠነኛ ጥናት በአራት ጊዜ ተከፍሎ ቢካሄድ ይበቃል። በበጋና በክረምት፣ በገበያ ዕለትና ከገበያ ዕለት ውጭ መሆን አለበት። ከፊሉ በቤት፣ ከፊሉ በገበያው መግቢያ ይጠየቅ፤ ሁለቱ የሚያያዙትም ቀደም ሲል ባነሣሁት «በዓመት ስንት ጊዜ?» በሚለው ጥያቄ ነው። በመንገድ ዳር የሚቈጥሩት ልጆች እግረኛና የጭነት እንስሳ የሚጽፉበት ሁለት ዓምድ ይጨመርላቸው። በቤት የሚጠየቀው «የት ሄዱ?» በሚል ሳይሆን ከንጋት ጀምሮ የተሠራውን ሥራ በመከተል ይሁን፤ ሴቶችን የሚጠይቁ ሴቶች ይሁኑ፤ አፋርኛ የሚያውቅ ጠያቂም ከመጀመሪያው ይታሰብበት እንጂ በመጨረሻ «አስተርጓሚ» ተብሎ ከገበያ አይለመን። ለዚህ ሥራ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅርብ ናቸው፤ ብዙዎቹም የስንቁን መንገድ ያውቁታል።

አንድ ነገር ብቻ ላክል። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሲያልቁ ቅጂያቸው በአዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሐራ ላይ ለጠያቂው ጊዜዋን የሰጠችው እናት መልሷ ወዴት እንደ ሄደ አታውቅም። ውጤቱ በአማርኛና በአፋርኛ ተጽፎ፣ ሠንጠረዡ ሁለት ገጽ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በመርሳ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና በሐራ ለቀበሌው እንዲደርስ፣ በገበያም ዕለት እንዲነበብ ከውሉ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ያን ጊዜ ከአድማጮቹ መካከል አንዱ ተነሥቶ «ይህ መንገድ እኮ በክረምት አያስኬድም» የሚል ከሆነ፣ የእርሱም ቃል በግርጌ ማስታወሻ ይጻፍ።